ከመደቡ በላይ ያለው ግድግዳ

ነሐሴ 17 ቀን 1964፣ ረቡዕ

ዝናብ። አሁንም ዝናብ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ አስተማሪነቴ ቀርቶ ሥራዬ ባልዲ መደቀን ሆኗል። ጣሪያው ከሦስት ቦታ ያፈሳል። አባዬ ከሚተኛበት መደብ በላይ ያለው ግድግዳ ርሶ ጋዜጣው አብጧል። አኮ በመዳፏ ደባበሰችውና፣ "ይሄ ግድግዳ አርግዟል" አለች። አያቴ ገለቴ እንዲህ ናት። የማትቀልድበት ነገር የለም።

ለአዲስ ዓመት እንደተለመደው አዲስ ጋዜጣ እንለጥፋለን። በየዓመቱ ባሮጌው ላይ አዲሱን... ፊደል የለየሁት እዚሁ ግድግዳ ላይ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ አስተማሪዬ "ማን አስጠናሽ?" ሲሉኝ "ቤታችን" ብዬ ክፍሉን አሳቅኩት። ዘንድሮ ጋዜጣ የሚያመጣልን ሁንዴ ነው። አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ስለሆነ የተበላሸ ወረቀት አይቸግረውም።

ሁንዴ እሑድ ሽማግሌ ይልካል። ይኸው ጻፍኩት።

ነሐሴ 21፣ እሑድ

መጡ። ከሱሉልታ፣ ሦስት ሽማግሌ። ተናጋሪው የሁንዴ አጎት ኦቦ ነገሳ ናቸው። እኔ ጓዳ፣ ጆሮዬ በሩ ላይ።

ዘር ቆጠራ እስኪደርስ ሁሉም ጥሩ ነበር። እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና እንደሌለ ካልታወቀ ጋብቻ የለም። አባዬ የአባቱን የቀጄላን ዘር ሳይደናቀፍ እስከ ሰባት ቆጠረ። እነሱም የሁንዴን ቆጠሩ። የትም አልተገናኘም። እልል ልል ነበር እኮ!

ኦቦ ነገሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አትቀየመኝ ጃራ። ቀጄላ በጉዲፈቻ እንዳሳደገህ አገር ያውቃል። ልጁ ነህ፤ ያንን ማንም አይነካብህም። ደሙስ ግን? ሳናውቅ አጋብተናቸው ነገ ዘመድ ሆነው ቢገኙስ?"

የአባዬ መልስ አጭር ነበር።

"አላውቀውም።"

"የወለደህን ሰው ስም እንኳ?"

"አላውቀውም አልኩ እኮ፣ ኦቦ ነገሳ።"

ከመስቀል በኋላ እስካለው እሑድ ጊዜ ሰጡን። መስከረም 21 መሆኑ ነው። "ፈልጉ፤ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም" አሉ። ካልተገኘ ግን ነገሩ በዚሁ እንደሚቀር በለሰለሰ አፍ ተናገሩ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ልጠላቸው እንኳ አልቻልኩም።

አባዬ ራቱን አልቀመሰም። በኔ ጋብቻ መሰናከል ብቻ አይደለም። ሦስት ሰው ፊት "አላውቀውም" ማለቱ ነው ያሳፈረው። ፊቱን አይቼዋለሁ።

አገኘዋለሁ። ከየት እንደሆነ አላውቅም፤ ግን አገኘዋለሁ።

ነሐሴ 22፣ ሰኞ

ጠዋት ጠራኝና ከሣጥኑ ሥር ፎቶግራፉን አወጣ። በዕድሜዬ ሁለቴ ብቻ ነው ያየሁት። ጠመንጃ ይዞ የተቀመጠ ሰውዬ። ከጎኑ አሥር አሥራ አንድ ዓመት የሚሆናት ልጅ። እሷ እጁን የያዘችው ትንሽ ልጅ ደግሞ... አባዬ። በግራ እግሩ ብቻ ጫማ አጥልቋል። ቀኙ ባዶ ነው። የልጅቷን እግር ብል በልቶታል፤ አይታይም።

"ሌላውን ጫማ የት ጣልከው?" አልኩት፣ ይስቅልኝ ብዬ።

"አራት አምስት ዓመቴ ነበር፤ እኔን ትጠይቂኛለሽ?" አለ። ግን ፈገግ አለ።

የሚያስታውሰው... ሩጫ። ጭስ። የልጅቷ እጅ። "እንዳትለቀኝ" የሚል ድምፅ። በቃ።

የቀረውን አኮ ነገረችኝ። የካቲት 1929። ጣልያን አዲስ አበባ ላይ ሰው ሲፈጅ የሸሸው ሕዝብ በሰበታ መንገድ ጎረፈ። አያቴ ቀጄላ ከእርሻ ሲመለስ ልጁን መንገድ ዳር ብቻውን አገኘው። ፎቶግራፉ ልብሱ ውስጥ ተሰፍቶ ነበር። ሦስት ገበያ ይዘውት ዞሩ፤ የኔ ነው የሚል ጠፋ። ሦስት ወር ሙሉ ቃል አልወጣውም። አፉን ሲፈታ በኦሮምኛ ነው፤ የሚያውቀውም ስም እነሱ ያወጡለትን፣ ጃራን ነው። አኮ የወለደቻቸው ሁለቱ በፈንጣጣ ሞተውባት ነበር።

"ከዚያ ወዲህ እናቱ እኔ ነኝ" አለችኝና ተነሥታ ወጣች። ቀልድ አልጨመረችበትም። ተቀየመችኝ? ወይስ ፈራች? ምን አስፈራት?

ነሐሴ 24፣ ረቡዕ

ሁንዴን አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ጠብቄ ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሲሰማኝ ቆየና፣ "ጣልያን ሲወጣ እኮ ዘመድ የጠፋበት ሁሉ በጋዜጣ ያስነግር ነበር ይላሉ። የኛ መጋዘን ውስጥ የድሮ ጥራዝ አለ። ዓርብ ነይ" አለኝ።

"እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?"

"እስከ ዛሬ መቼ ጠየቅሽኝ?"

እውነቱን ነው። ደስ ብሎኝ ጭቃው ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ጫማዬን ሁለቴ አጥቤ አሁንም ያው ነው።

ነሐሴ 26፣ ዓርብ

እንዴት ያለ ቀን! መጋዘኑን የያዘችው አትክልት የምትባል ሴትዮ ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ። የ1938ን ጥራዝ አወረደችልኝ። አቧራውን እፍ ስል ሁለታችንም አስነጠሰን።

በየገጹ ጥግ ሰው ሰው ይፈልጋል። "ባሌን ያየ..." "በስደት የተለየኝ ልጄ..." "እናቴ በሕይወት ካለች..." ጣልያን ከወጣ አምስት ዓመት ሆኖት አሁንም ይፈላለጋሉ። እያነበብኩ ዕንባዬ መጣ፤ ደግሞ ልቤ ይዘላል። አባዬንስ የፈለገው ሰው ቢኖር? ያቺ ልጅ ብትኖር?

ግን... ከ1937 በፊት ያለው የለም። ምስጥ በልቶታል። ጣልያን እንደወጣ ወዲያው ዘመድ የፈለጉት እኮ በዚያ ጊዜ ነው የሚጽፉት!

ፊቴ ሲጠቁር አትክልት አይታኝ፣ "ትርፍ ጋዜጣ ድሮ በኪሎ ይሸጥ ነበር፤ ለባለሱቆች። ቡራዩ ሙሄዲን የሚባል አለ። አባቱ ብዙ ይገዛ ነበር" አለችኝ። በጉንጯ ሳምኳት። ደንግጣ መነጽሯን አገኘችው።

ነሐሴ 27፣ ቅዳሜ

ቡራዩ። የሙሄዲን ሱቅ ስኳር፣ ጨው፣ ላምባ፣ ሚስማር... ሁሉም በጋዜጣ ይጠቀለላል። የ1934 ወይም የ35 ጋዜጣ እንዳላቸው ጠየቅኳቸው። ባለሱቁ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁብኝ።

"ልጄ፣ የዚያን ጊዜው ጨው እንኳ ተበልቶ አልቋል፤ መጠቅለያው ይቀራል ብለሽ ነው?"

አኮረፍኩ። አሳዘንኳቸው መሰለኝ በርጩማ ሰጡኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁ። ሰበታ ስል የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁ። የጃራ፣ የቀጄላ የልጅ ልጅ ነኝ አልኩ።

"የኦቦ ቀጄላ! ልጅ ሆኜ አውቃቸዋለሁ። ቅቤ ለአባቴ ያመጡና በጋዜጣ ይለውጡት ነበር። አንድ ሸክም ሙሉ። ሚስቴ ቤቱን አሳምር ብላኛለች ይሉ ነበር።" ከዚያ እንደዋዛ፣ ሚዛናቸውን እያስተካከሉ፣ "በዚህ አገር አሮጌ ጋዜጣ መጋዘን ውስጥ አይፈለግም። የሰው ግድግዳ ላይ ነው ያለው" አሉኝ።

አመሰገንኳቸው? አላስታውስም። ሮጥኩ።

ነሐሴ 28፣ እሑድ

"አኮ፣ ይሄ ግድግዳ መጀመሪያ ጋዜጣ የተለጠፈበት መቼ ነው?"

"ቤቱ የተሠራ ጊዜ። ጣልያን በወጣ በሁለተኛው መስቀል። እኔው ነኝ የለጠፍኩት። ለምንድን ነው?"

መስቀል፣ 1935! ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። "ግድግዳዬን አትነኪም" አለች። ለምን ብላት፣ "ላኪ! አይሆንም አልኩ" ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ሁለት ቀን አይደለም፣ ሁለት ሰዓት መታገሥ አልችልም እኮ እኔ። ግን የሷ ግድግዳ ነው። ምን ላድርግ?

ጳጉሜን 1፣ ረቡዕ

ጠዋት ስነሣ አኮ ውኃ አሙቃ መደቡ አጠገብ አስቀምጣለች።

"በጥፍርሽ ከምትቦጭቂው በሙቅ ውኃና በጨርቅ አድርጊው" አለችኝ። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ ቀስ ብላ፣ "ወላጆቹ ቢገኙ ይሄድብኛል ብዬ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ይህን ስፈራ ኖርኩ። ኋላ ሳስበው፣ ልጄን 'አላውቀውም' ብሎ አንገቱን ሲደፋ ከማይ ቢሄድብኝም ይሻላል" አለች።

እቅፍ አደረግኳት። "የት ይሄድብሻል? ከዚህ መደብ የሚነቅለው የለም" አልኳት። ይሄኔ ሳቀች።

እስከ ማታ አሥራ አምስት ድርብ ላጥን። የአምናው የሳሙና ማስታወቂያ... ከሥሩ አውሮፕላን... ከሥሩ የኔ ገጽ! "ሀ"ን በከሰል የከበብኳት አለች። እሷን ሳልቀድ ለማንሣት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

ጳጉሜን 2፣ ሐሙስ

አገኘሁት። አገኘሁት። አገኘሁት።

የመጨረሻው ድርብ፣ ከጭቃው ጋር የተጣበቀው። ከአባዬ ትራስ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ። አኮ ማንበብ ስለማትችል ገጹን ዘቅዝቃ ነው የለጠፈችው። መደቡ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ አንገቴን አጣምሜ ነው ያነበብኩት። እንዳለ ልገልብጠው፦

"ወንድሜን ወንዳፍራሽ ዳኜን ያያችሁ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ስንሸሽ በሰበታ መንገድ ላይ ከእጄ ጠፋ። ያን ጊዜ አምስት ዓመቱ ነበር። አባታችን ወደ ጦርነት ሲሄድ አብረን የተነሣነው ፎቶግራፍ አለኝ። ያለን አንድ ጥንድ ጫማ ስለነበር ቀኙን እኔ፣ ግራውን እሱ አጥልቀናል። በሕይወት መኖሩን የሚያውቅ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ለምገኘው ለእኅቱ ለወርቅውሃ ዳኜ ቢነግረኝ ውለታውን አልረሳም።"

ጫማው አልጠፋም ነበር። ተካፍለውት ነው!

አባዬ ከሥራ ሲገባ አስቀምጬ አነበብኩለት። ሲያልቅ "ድገሚው" አለ። ደገምኩት። "ድገሚው።" አራት ጊዜ። ከዚያ እጁን ግድግዳው ላይ አሳርፎ፣ "እዚህ ሥር ነው የተኛሁት?" አለ። "ከልጅነቴ ጀምሮ?"

አኮ ራሷን ይዛ፣ "እኔ ነኝ የለጠፍኩት፤ እላዩ ላይም እየለጠፍኩ የሸፈንኩት እኔው ነኝ" እያለች አለቀሰች። አባዬ ከግድግዳው ተነሥቶ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። ተደግፏት ቁጭ አለ።

ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ትኖር ይሆን?

ጳጉሜን 3፣ ዓርብ

የሩፋኤል ዝናብ ወረደ። የሰፈሩ ልጆች ራቁታቸውን ይዘላሉ። ሁንዴ ከነዝናቡ መጣ። አነበበና አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ወርቅውሃ? የሻይ ቤቷ እትዬ ወርቅውሃ?"

"ታውቃቸዋለህ?!"

"ሱሉልታ የማያውቃቸው አለ? ሻይ ሳይቀዱልሽ በፊት ከየት ነሽ ይሉሽና፣ ወንዳፍራሽ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ ብለው ይጠይቁሻል። ልጅ ሆነን እንቀልድባቸው ነበር።" ድምፁ ወረደ። "አያንቱ፣ እኔንም መቶ ጊዜ ጠይቀውኛል። አላውቅም ብያቸዋለሁ።"

ምን ያድርግ? ወንዳፍራሽ የሚባል ሰው ሰበታ ውስጥ የለማ። ጃራ ነው ያለው።

ጳጉሜን 4፣ ቅዳሜ

ፎቶግራፉን ይዤ ከሁንዴ ጋር ሄድኩ። አባዬ "አንቺ እይልኝ መጀመሪያ" አለ። ፈርቷል።

ሻይ ቤቱ መንገድ ዳር ነው። የጎጃም የጭነት መኪኖች ፊቱ ይቆማሉ። ቀጠን ያሉ፣ ፈጠን ፈጠን የሚሉ ሴትዮ መጡ። አካሄዳቸው የአባዬ ነው። ቁርጥ።

"እንደምን ዋላችሁ። ከየት ነሽ ልጄ?"

"ከሰበታ።"

"ሰበታ... ወንዳፍራሽ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ?"

መንገዱን ሁሉ ስለማመደው የነበረው ንግግር ጠፋኝ። ፎቶግራፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

አዩት። አልነኩትም። ወደ ውስጥ ገብተው የራሳቸውን ይዘው ተመለሱና ጎን ለጎን አደረጉት። አንድ ናቸው። በሳቸው ላይ ግን የልጅቷ እግር ይታያል፤ ቀኙ ጫማ፣ ግራው ባዶ።

"አለ?"

"አለ። አባቴ ነው።"

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሁንዴ ውኃ ሰጣቸው። ጨልጠው ሲጨርሱ፣ "ግራውን የት አደረገው?" አሉኝ። ሳቅኩ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ተቃቅፈን ተንሰቀሰቅን። ሾፌሮቹ ሰው የሞተ መስሏቸው ተነሥተው ቆሙ።

ኋላ ጠየቅኳቸው፤ ለምን መንገድ ዳር ሻይ ቤት? "ሰው ሁሉ ያልፍበታላ። አላፊውን ሁሉ ለመጠየቅ ሌላ ምን ሥራ አለ?" አሉ።

ጳጉሜን 5፣ እሑድ

አባዬ ጢሙን ሁለቴ ተላጨ። "ምን ብዬ ነው የምጠራት?" ይላል። ነገ እሷ ትመጣለች። አሁን ግን እኔንም ፍርሃት ያዘኝ። የሰባት ቤት ስም ባታውቅስ? ቢቆጠርና ከሁንዴ ጋር ብንገናኝስ? ሱሉልታ ነው የኖረችው... ዝም በይ አያንቱ።

መስከረም 1 ቀን 1965፣ ሰኞ

አባዬ ግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። አክስቴ ከታክሲ ወርዳ አየችው። ትሮጣለች ብዬ ነበር። አልሮጠችም። ቀስ ብላ መጥታ እጁን ያዘችው። እንደ ፎቶው።

"እንዳትለቀኝ ብዬህ ነበር" አለችው።

"ትንሽ ነበርኩ" አለ አባዬ። ሽበት ያበቀለው አባቴ፣ እንደ ሕፃን፣ "ትንሽ ነበርኩ እኮ" አለ።

ቤት ስትገባ ማንንም ሳትሳለም በቀጥታ አኮ እግር ላይ ወደቀች። "እጁን እኔ ለቀቅኩት። እርስዎ ያዙልኝ" አለቻት።

አኮ ጎትታ አነሣቻት። "ተይ፣ ተነሺ። አንድ እጁ ያንቺ፣ አንድ እጁ የኔ። ሁለት እጅ አለው እኮ።"

ዘንድሮ የግድግዳውን ጋዜጣ ሳንለጥፍ አዲስ ዓመት ገባ። ጭቃው ተራቁቷል፤ ያቺ አንዲት ገጽ ብቻ ናት የቀረችው። እንዲህ ያማረ ቤት ግን አይቼ አላውቅም።

መስከረም 12፣ ዓርብ

አባዬ ፊደል አስጠኚኝ አለ! "ሌላ ምን እንደተጻፈልኝ ማን ያውቃል?" ይላል። ከ"ሀ" አልጀመርንም። ከስሞቹ ጀመርን። ከሁለቱም።

መስከረም 21፣ እሑድ

እንደገና ሦስቱ ሽማግሌ። እንደገና እኔ ጓዳ። በዚህኛው ግን በሩን ገርበብ አድርጌ በአንድ ዓይኔ አያለሁ።

አባዬ ጀመረ። አሁንም የቀጄላን ዘር ቆጠረ፣ እስከ ሰባት። "ይሄ ያሳደገኝ ነው። ይቀድማል" አለ። አኮ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ከዚያ፣ "የወለደኝን እኅቴ ትቆጥረዋለች" አለ።

አክስቴ ከጎኔ ተነሥታ ወጣች። ኦቦ ነገሳ ሲያይዋት ያዩትን ማመን አቃታቸው።

"ወርቅውሃ! አንቺ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?"

"በየገበያው ቀን ስጠይቅዎት የኖርኩት ሰው ይኸው ነው፣ ኦቦ ነገሳ። ሻዬን ጠጥተው ምን ነበር የሚሉኝ?"

"አላውቅም" አሉ ኦቦ ነገሳ። አንገታቸውን ደፉ። "ደሙን ፍለጋ እዚህ ድረስ ስመጣ፣ መልሱ ሻዬን ስትቀዳልኝ ከነበረችው ዘንድ ነበር ማለት ነው!"

አክስቴ ቆማ ቆጠረች። አባታቸው ወደ ጦርነት ሊሄድ ሲል እንደ ጸሎት አስጠንቷታል። ዳኜ... ጥሩሰው... እያለች ወረደች። እኔ በጣቴ እቆጥራለሁ። አምስት። ስድስት። ሰባት። ሽማግሌዎቹ አንገት ለአንገት ገጥመው ተንሾካሾኩ። ምን ነው ይሄን ያህል? ምን አገኙ?

"የለም" አሉ ኦቦ ነገሳ። "በዚህም በዚያም የለም። ጃራ፣ ሰው ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ አንተ አሥራ አራት ቆጠርክ።"

አባዬ ቀና አለ። እንደዚያ ቀና ብሎ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም።

ሠርጉ ጥር ላይ ነው። እልልታው የተሰማው መጀመሪያ ከአኮ ነው፤ ከዚያ ከኔ። ሙሽራ እልል አትልም ብላ ደግሞ እሷው ተቆጣችኝ።

ጥቅምት 5፣ እሑድ

ጠዋት ሁንዴ የዚህን ሳምንት ጋዜጣ ይዞ መጣ። አባዬ ከወር በፊት ሳይነግረን አዲስ አበባ ሄዶ ማስታወቂያ አስነግሯል። "ተገናኝታችሁ የለ? ለምን ትደክማለህ?" ቢለው ሁንዴ፣ "በጋዜጣ ጠይቃኛለች፤ በጋዜጣ ልመልስላት" ብሎታል። ፊደሉን የለቀመው ሁንዴ ራሱ ነው።

"ለእኅቴ ለወርቅውሃ ዳኜ። በ1934 ዓ.ም. ስለ እኔ ላወጣሽው ማስታወቂያ መልስ ነው። በሕይወት አለሁ። ሰበታ ነኝ። ስላዘገየሁሽ ይቅርታ። ጃራ ቀጄላ፣ ወንዳፍራሽ ዳኜ።"

ዛሬ ግድግዳውን ለጠፍን። አክስቴ ከሱሉልታ መጥታ ሙጫውን አማሰለች። ከላይ እስከ ታች አዲስ ጋዜጣ። አሮጌዋን ገጽ ብቻ ዙሪያዋን አልፈን ተውናት፤ እንደተዘቀዘቀች። አጠገቧ ባዶ ቦታ ቀርቷል፣ ለመልሱ።

አኮ "ይቺን እኔ ነኝ የምለጥፋት" ብላ ተቀበለችን። ጀርባውን ሙጫ ቀባች፣ ወደ ግድግዳው አነሣችና ቆመች። ወደ ቀኝ አዞረችው፣ ወደ ግራ አዞረችው።

"በዚህኛውስ አልሳሳትም" አለች። "ጃራ፣ ራሱ በየት በኩል ነው?"

አስተማሪዋ እኔ ነኝ፤ አፌን ልከፍት ነበር። አባዬ ቀደመኝ። ተጠግቶ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ፤ ስሙን ፈለገ፣ ሁለቱንም አገኘ።

"በዚህ በኩል ነው እናቴ" አለ። "አሁን ለጥፊው።"